አፍ የሚፈታበት ክፍል

ስማዳ ተወልጄ፣ ጋይንት ነፋስ መውጫ ተምሬ፣ በስማዳና በእስቴ እንግሊዝኛ ሳስተምር ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ተያይዘው የተቀመጡ አገሮች ናቸው። ከላይ የጉና ብርድ አለ፤ ከታች የበሽሎና የአባይ ቆላ። ደጋውም ቆላውም ልጁን ዘጠነኛ ክፍል ሲያስገባ የሚገጥመው ነገር አንድ ነው። በአማርኛ ሲማር ያደገው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይቀበላል። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ያየሁትን ልመስክር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ሥርዓተ ትምህርቱ በተቀየረ ቁጥር ስለ መጽሐፉ ብዙ ይነገራል፣ መጽሐፉን ይዞ ልጆቹ ፊት ስለሚቆመው ሰው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በደብሩ ግቢ ከየኔታ ዘንድ ነው። እኔ ከዚያ ወደ አስኳላ ስገባ ታላቅ ወንድሜ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ቤት ሄደ። አገሩም የዚህ ትምህርት አገር ነው፤ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት ምስክር ቤትነታቸው ከአራቱም ማዕዘን ደቀ መዝሙር ሲቀበሉ ኖረዋል። ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ስለ ቅኔ ቤቱ ያወራልናል። ተማሪው ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ እያደር እስከ መወድስ ይዘልቃል። አገባቡ የሳተበትን መምህሩ ያርሙታል፤ ምሥጢሩ የሳሳበትን ይመልሱታል። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለዛሬ ሌላ መቁጠር ግድ ነው።

ያን ጊዜ ጆሮዬን የሚስበው ተማሪው ቁራሽ ሲለምን የሚገጥመው የረሃቡና የመንደር ውሻው ወሬ ነበር። መምህር ከሆንኩ በኋላ ግን ደጋግሜ ያሰብኩት ሌላውን ነው። ግዕዝ ዛሬ በማንም እናት ቤት አይነገርም። ሆኖም ቆላ ወርዶ ፍየል ሲጠብቅ የኖረ ልጅ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ ቋንቋ አዲስ ሐሳብ ያፈልቅበታል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አላየም፤ የኤሌክትሪክ መብራት አላየም። በየቀኑ ከራሱ አውጥቶ የሚናገርበት ሰዓት ነበረው፤ የሚሰማውና የሚያርመው መምህር ነበረው። የዚያ ቤት ቅጣት ከባድ መሆኑን፣ ለሴት ልጅም በሩ ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዳለ ይቀዳ አልልም። የውጭ ቋንቋ የሚለመደው በመናገርና በመታረም መሆኑን ግን አገሬው ከማንም በፊት ያውቀው ነበር።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነፋስ መውጫ የገባሁት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከስማዳ ተነስተን በአርብ ገበያ በኩል በእግር እንሄዳለን። ሦስት አራት ሆነን አንዲት ክፍል ቤት እንከራያለን፤ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን በስልቻ ተሸክመን እንመጣለን። ስንቅ ያለቀበት ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ አንዳንዱ ሄዶ ይቀራል። መጽሐፉ ለብዙ ተማሪ አንድ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን መጽሐፍ አነሰ ብሎ አላስገለበጠንም። አጠር ያለ ታሪክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ያነብልናል። ከዚያ “ደብተራችሁን ዝጉ” ይልና አንዱን ያስነሳል። የተነሳው ልጅ የሰማውን በራሱ እንግሊዝኛ፣ ሰባብሮም ቢሆን ይናገራል። መምህሩ አይስቅበትም፤ ማንም እንዲስቅበት አይፈቅድም። ልጁ እስኪጨርስ ይጠብቅና የተሳሳተውን ዐረፍተ ነገር አስተካክሎ ክፍሉን ሁሉ ያስደግመዋል። እኔም በእንግሊዝኛ አፌን የፈታሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። መምህር ለመሆን የቆረጥኩትም ያኔ ነው።

እንግሊዝኛ እንዴት የትምህርት ቋንቋችን እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው ዘመናዊ ትምህርት ይበልጥ ወደ ፈረንሳይኛ ያደላ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። ያኔ ተማሪው ጥቂት፣ መምህሩም ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው ነበር፤ ከ1955 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአሜሪካ ፒስ ኮር ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር። ልጁ ቋንቋውን ከጠዋት እስከ ማታ ከመምህሩ አፍ ይሰማ ነበር። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቱ በዛ፣ ክፍሉ ሞላ፣ የውጭ አገር መምህራኑ ሄዱ፤ በእንግሊዝኛ የመማሩ ደንብ ግን አልተነካም። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመጀመሪያ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ሰጠ፤ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀመጠ። ፕሮፌሰር ተከስተ ነጋሽን የመሰሉ ምሁራን ተማሪው በማይገባው ቋንቋ መማሩ ትምህርቱን እንደሚገድለው ከጻፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በስማዳ ያለነው መምህራን ጽሑፋቸውን ሳናነብም ነገሩን በየቀኑ እናየው ነበር።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ስማዳ የተመደብኩት በ1996 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። የሳተላይት ሳሕኑ ጣሪያ ላይ ተተከለ፤ ትልቁ ስክሪን ከነብረት ሳጥኑ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመ፤ ጀኔሬተሩ ከግቢው ጥግ መጮህ ጀመረ። ወላጆች ሳይቀሩ ሊያዩት መጡ። የታሰበው በጎ ነገር ነበር፤ የስማዳ ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 30 ያህሉን ስክሪኑ ይወስደው ነበር። ለመምህሩ የሚቀረው መግቢያውና መዝጊያው ነበር።

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር የመጣች ናት፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አታወርድም። በስክሪኑ ያለችው አቅራቢ ጥያቄ ትጠይቅና “በደብተራችሁ ሥሩ” ትላለች። ሰዓት ብቅ ይልና ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አንስታ መጀመሪያ ጥያቄውን ልትገለብጥ ትሞክራለች። ግማሹን ሳትጽፍ ሰዓቱ ያልቃል። አቅራቢዋ ፈገግ ብላ “በጣም ጥሩ!” ትላለች፤ መልሱን አንብባ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ልጅቱ የጀመረችውን ትሰርዘዋለች። አንድ ቀን ደወል ሲደወል ተከትላኝ ወጣችና፣

“ቲቸር፣ ሴትዮዋ የጠየቀችው ምን ነበር?” አለችኝ።

ጥያቄውን በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ በቀስታ ደገምኩላት። አንዲት ቃል ብቻ በአማርኛ ፈታሁላት። መልሱን ወዲያው መለሰችልኝ፤ ታውቀው ኖሯል። ያጣችው እሷ እስክትደርስ የሚጠብቃት ሰው ነበር። ስክሪኑ ማንንም መጠበቅ አይችልም፤ ጀኔሬተሩ ናፍጣ ሲያልቅበት ወይም ሲበላሽም ያ ቀን ትምህርት አልፎ ይሄዳል፣ ነገ ከሌላ ምዕራፍ ይቀጥላል። መምህሩ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከማስተማሩ ተነሳ። ተማሪዎቹ የአቅራቢዋን እንግሊዝኛ ሰምተው የእኛን መናቅ ጀመሩ፤ የምትለው ግን አልገባቸውም፣ እኛን የሚሰሙበትም ጊዜ አልቀረም። ከጓደኞቼ ብርቱ የነበሩት ብዙዎቹ ትምህርት ማዘጋጀቱን በዚያ ዘመን ተዉት። ቢያዘጋጁስ መቼ ያስተምሩታል?

ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ አልተወሰነም። አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህሩ የፈተና ወረቀት ይዞ መምህራን ክፍል መጣ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ለጥያቄው በቃሉ የሸመደደውን የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ጽፏል፤ መሐሉ ላይ ያለው ግሥ ግን ጠፍቶበት ዐረፍተ ነገሩ ትርጉም አልነበረውም። ልጁን ጠራነው። “ብርሃን አስተፃምሮ ምንድን ነው?” ብሎ መምህሩ በአማርኛ ጠየቀው። ልጁ ቅጠሉ ከፀሐይ ምን እንደሚያገኝ፣ ሥሩ ምን እንደሚያመጣ፣ ዛፍ ሥር ያለች ባቄላ ለምን ቀጥና እንደምትቀር ሳይቸኩል አስረዳን። የአባቱን ማሳ እያሰበ ነበር የሚናገረው። የባዮሎጂ መምህሩ ወረቀቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ዜሮ የሰጠውን ምን እንደሚያደርገው ጨነቀው። ልጁ ባዮሎጂውን ያውቃል፤ የሚገልጽበትን ቋንቋ ያስተማረው የለም። የእኛ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሌላ ነገር ያስተምራል፣ የባዮሎጂው መጽሐፍ ደግሞ ቋንቋውን እንደሚያውቅ ቆጥሮ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ድልድይ አልተሠራም። ስለዚህ በየክፍሉ የሚሆነው ይህ ነበር፤ መምህሩ በአማርኛ ያስረዳል፣ በእንግሊዝኛ ኖት ያስገለብጣል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል።

በኋላ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተዛወርኩ። ስሄድ ያኔ አዲስ የነበረው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለየተማሪው መታደል የጀመረበት ጊዜ ነበር። መጽሐፉ ጥሩ ነበር፤ ማዳመጥ ነበረው፣ መናገር ነበረው፣ ጽሑፍ ነበረው። የዘጠነኛው ክፍል 12 ምዕራፎች ነበሩት። ክፍላችን ግን ከ70 በላይ ተማሪ የያዘ ነው፤ በአንድ ወንበር አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ “ፖርሽን የት ደረሰ?” ፖርሽን፣ ማለት የዓመቱን ምዕራፎች፣ ለመሸፈን ሲባል የመጀመሪያው የሚዘለለው መናገሩ ነው፣ ቀጥሎ ጽሑፉ፣ ከዚያ ማዳመጡ። የሚቀረው ሰዋስውና ምንባብ ነው፤ እሱም መምህሩ እያነበበ፣ ተማሪው መልስ እየቀዳ። መጽሐፉ ሳይነካ በሰኔ “ተሸፈነ” ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል።

ሰባተኛው ምዕራፍ ስለ ወደፊት ከተሞች ነበር። ከተማ ብለው የሚያውቁት መካነ ኢየሱስን፣ ቢርቅ ደብረ ታቦርን ለሆነ ልጆች ሰማይ ጠቀስ ፎቅና ባቡር አምጥቶ ጻፉ ቢባሉ ከመጽሐፉ ይገለብጣሉ። እኔ የወደፊት ጊዜ ግሥን ከምዕራፉ ወሰድኩና ርዕሱን ለነሱ ተውኩት፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በርግጥ የምትሠሩትን ጻፉ አልኳቸው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ስምንት መስመር ጻፈ። ቅዳሜ በአህያ እህል ጭኖ ገበያ ሊወርድ ነው። ገደሉ ጋ ሲደርስ ጭነቱን እንደሚያላላ፣ ጅራፉን እንደሚደብቅ፣ አህያዪቱ መንገዱን ከሱ ይልቅ ስለምታውቅ እንደሚከተላት ጽፏል። ፊደሉ ተሳስቷል፤ ግሦቹ ግማሾቹ ተሰብረዋል። ሆኖም ከየትም ያልተገለበጠ፣ አንብቤ የገባኝ ሐሳብ ነበረው። አስነስቼ አስነበብኩት። ክፍሉ ገደሉን ስለሚያውቀው እያንዳንዷን ቃል ተከተለው። “ጭነት ማላላት” በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ሌላው ልጅ እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ቃል ለመጠየቅ እጅ ሲወጣ አላየሁም ነበር፤ የቃል ጥያቄ የሚመጣው የሚናገሩት ነገር ሲኖር ነው።

በዚያው ዓመት አንድ አባት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። በእጃቸው የአረም መድኃኒት ጠርሙስ ይዘዋል።

“መምህር፣ ይቺን ጽሕፈት ያንብቡልኝ። ልጄ አሥረኛ ነው፤ ያነባታል፣ ፍቺዋን ግን አላወቃትም። በስንት ውኃ እንደምትበረዝ አጣነው።”

“አባባ፣ ልጁ የት አለ?” አልኳቸው።

“አፍሮ ቀረ። አታፍር ብለው ቆጡልኝ።”

ጽሑፉን አነበብኩላቸው፤ መጠኑንም፣ ከንፋስ ጋር መርጨት እንደማይገባም ነገርኳቸው። ከዚያ ጠርሙሱን ለአንድ ቀን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። በማግስቱ ጽሑፉን ሰሌዳ ላይ ገልብጬ ለአሥረኞቹ አቀረብኩት። ትዕዛዝ የሚሰጡ ግሦች፣ ማስጠንቀቂያ፣ ቁጥርና መለኪያ፣ “ካልሆነ በቀር” የሚል አገባብ፤ መጽሐፉ በብዙ ገጽ የሚያስተምረው እዚያች ጠርሙስ ላይ ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ አማርኛ መለሱት፣ ከዚያ ለጎረቤት እንደሚያስረዱ ሆነው በእንግሊዝኛ ተነጋገሩበት። የሰውየው ልጅ ከሁሉም በላይ ተናገረ። እንግሊዝኛ ለገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል ለሚለኝ ሰው መልሴ ያች ጠርሙስ ናት፤ እንግሊዝኛ የአባቱን ዓይን፣ ሳንባና ሰብል የሚያድንበት ቋንቋ ነው።

በዲፓርትመንታችን ያለን መምህራን በተከታታይ ሙያ ማሻሻያው፣ ተሙማ በምንለው፣ ሰዓት ላይ ተቀምጠን ተመካከርን። ተሙማ እስከዚያ ድረስ ፎርም መሙላት ሆኖ ቆይቶ ነበር። ጥቂት ነገር ተስማማን። በሳምንት አንዱ ክፍለ ጊዜ መጽሐፍ የማይከፈትበት ይሁን፤ በዚያ ሰዓት አምስት ስድስት ልጅ ተነስቶ ይናገር፣ ሌላው ይጠይቀው። የማዳመጫ ምንባቡን መምህሩ ሳይዘል ሁለት ጊዜ ያንብብ። ተማሪው በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ የ70 ልጅ ደብተር ማረም ስለማይቻል መጀመሪያ እርስ በርስ ይተራረሙ፣ መምህሩ በየዙሩ የተወሰኑትን ይመልከት። ከተከታታይ ምዘናው ማርክ ላይ አሥሩ ለመናገር ይሁን። ከሳይንስ መምህራን ጋር ተነጋግረን በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምሩትን ቃላትና የዐረፍተ ነገር አሠራር እኛ አስቀድመን እናስለምድ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የመናገር ፈተናው ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። ሴቶቹ ልጆች በሙሉ ክፍል ፊት አፋቸውን አይከፍቱም፤ በትንንሽ ቡድን፣ ሴት ከሴት ጋር ስናደርጋቸው ግን ወንዶቹን ቀደሟቸው። ተማሪውን በቡድን የሚያደራጀው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ያኔ በየትምህርት ቤቱ ተዘርግቶ ስለነበር፣ ከሪፖርት ይልቅ ለንግግር ልምምድ ተጠቀምንበት፤ ጎበዙ ልጅ አምስቱን የሚያናግር ሆነ። ይህም ከቅኔ ቤት የምናውቀው ነው፤ የበረታው ተማሪ ጀማሪውን ያስነግራል። ሱፐርቪዥን የመጣ አንድ ባለሙያ ደብተሬን አገላብጦ፣

“መምህር፣ ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርተሃል” አለኝ።

“ልጆቹን አናግራቸው” አልኩት።

ወደ ክፍሉ ገባና በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው፤ መለሱለት። ከመካከላቸው አንዷ መልሳ ጠየቀችው። በግምገማ ቅጹ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ የሽፋኑን ጉድለት ጽፎ ሄደ። ሰውየውን አልወቅሰውም። እሱም የሚጠየቀው በዚያው ቅጽ ነው።

የብሔራዊ ፈተናው ውጤት በዚያ ዓመት ተአምር አላሳየም፤ የሚያሳይበትም መንገድ አልነበረውም። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከ 2011 ድረስ፣ የአሥራ ሁለተኛው ደግሞ እስከ ዛሬ፣ ተማሪውን የሚያስመርጠው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው። በእንግሊዝኛ ፈተና አንድ ተማሪ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ ሙሉ ማርክ ሊያመጣ ይችላል። የማይፈተነውን ማን ያስተምራል? መምህሩን “ተግባቦት ላይ አተኩር” እያሉ በምርጫ ጥያቄ ብቻ መመዘን፣ ሥርዓተ ትምህርቱንና ፈተናውን ማጣላት ነው። በዚህ ጠብ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ፈተናው ነው።

የ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ። አገሩ ደነገጠ። በየገጠሩ ክፍል ውስጥ የኖርን መምህራን አዘንን እንጂ አልደነገጥንም። እነዚያ ልጆች በማይሰሙት ቋንቋ አራት ዓመት ኖት ሲገለብጡ ነበር፤ ቁጥጥሩ ጠብቆ ኩረጃው ሲነሳ የቀረው ያ ነው።

በእኛ አገር ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨመረ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገባ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ያየሁት አንድ ትምህርት ቤት ወንበሩ ተማግዷል፣ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ በጓሮ ተበትኗል፣ ስክሪኖቹ ተሰባብረዋል። መምህራኑ ሲመለሱ ያላቸው ሰሌዳውና ጠመኔው ነበር፤ በዚያው ጀመሩ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በመሐሉ ከ2015 ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትና አዲሱ መጽሐፍ መጥቷል። መጽሐፉን አየሁት፤ ብዙ የታሰበበት ነገር አለው። ሁለት ሦስት ዓመት ክፍል ሳይገባ የቆየ ልጅ ሲመለስ ግን መጽሐፉን የሚቀበለው ከነበረበት ዝቅ ብሎ ነው። ያንን ክፍተት የሚያይ፣ ከየት እንደሚጀመር የሚወስን፣ ልጁን በስሙ ጠርቶ የሚያስነሳ መምህሩ ብቻ ነው። ያንን ለመወሰን ሥልጣን ከሌለው አዲሱም መጽሐፍ እንደ አሮጌው “ተሸፈነ” ተብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጁና ፈተና ለሚያወጡ ሰዎች የምለው አለኝ። ምዕራፉን ቀንሱት፤ ከአሥር ምዕራፍ ስድስቱን በደንብ ያወቀ ልጅ ሁሉንም ከገለበጠው ይበልጣል። ዘጠነኛ ክፍል መግቢያ ላይ ተማሪው የሳይንሱንና የማኅበራዊ ሳይንሱን ቋንቋ የሚለማመድበት በቂ ጊዜ ስጡት፤ እስከዚያ መምህሩ በአማርኛ ቢያስረዳ እንደ ጥፋት አይቆጠርበት። በብሔራዊ ፈተናው ላይ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ ንግግሩን ትምህርት ቤቱ ይመዝን፣ ማርኩም ይቆጠር። ለመምህሩ የሚሰጠው ሥልጠና በራሱ በእንግሊዝኛ የሚያናግረው፣ የሚያጽፈውና የሚያርመው ይሁን፤ አፉ ያልተፈታ መምህር የተማሪውን አፍ ሊፈታ አይችልም። ሱፐርቫይዘሩም ክፍል ገብቶ መጀመሪያ ልጆቹን ያናግር፣ ከዚያ ቅጹን ይሙላ።

ለመምህራን ጓደኞቼም እላለሁ፦ ደመወዙ እንደማይበቃ፣ ክፍሉ እንደሚጨናነቅ፣ መንገዱ እንደሚያስፈራ አብሬያችሁ ኖሬ አውቀዋለሁ። ይህ ሁሉ እስኪስተካከል በየክፍለ ጊዜው አሥር ደቂቃ ለተማሪው ንግግር ከመስጠት ማንም አይከለክላችሁም። ልጁን አስነሱት፣ እስኪጨርስ ጠብቁት፣ አርሙትና ደግሞ ይናገር። እንግሊዝኛ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚለመደው በዚህ መንገድ ነው፤ ሌላ አቋራጭ አላየሁም።